ልጃችሁ ቀጥሎ ምን ሊጀምር ነው? እድገቱን ተከታትሎ እንዴት መገመት ይቻላል

"ይሄ ልጅ ሲያድግ ምን ይወጣው ይሆን?" ብሎ የማያውቅ ወላጅ የለም። ጥያቄው ደስ ይላል፤ መልስ ግን የለውም። የ2 ዓመት ልጅ መጫወቻ ሲገጣጥም አይቶ "መሐንዲስ ነው" ማለት ጨዋታ ነው። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ምን ሊጀምር እንደሚችል ግን መገመት ይቻላል፣ ያውም ደህና አድርጎ። ነገሩ እንደ አየር ትንበያ ነው፤ የነገውን ይነግራችኋል፣ የከርሞውን ግን እርሱት።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል። ቀኑን፣ የልጁን ዕድሜ በወር፣ ያደረገውን ነገር፣ ማን አብሮት እንደነበረና እርዳታ አግኝቶ እንደሆነ ጻፉ። በየቀኑ መጻፍ ግድ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ደንቡ አንድ ነው፦ ያያችሁትን ጻፉ፣ የፈረዳችሁትን አትጻፉ። "ዛሬ በጣም ጎበዝ ነበረች" የሚል ማስታወሻ ከስድስት ወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም። "ኩባያዋን ዘርግታ ‹ሌላ ውሃ› አለች፤ ማንም አልጠየቃትም" የሚለው ግን ብዙ ይናገራል፤ ሁለት ቃል ማያያዟን፣ የምትፈልገውን በቃል መጠየቋን፣ በራሷ መጀመሯን። ቻርለስ ዳርዊን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1839 የተወለደውን የመጀመሪያ ልጁን እንዲህ እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር፤ ማስታወሻውንም በ1877 አሳትሞታል።

ቀጥሎ መቼ እንደምታዩ ወስኑ። ሲበላ፣ ሲለብስ፣ ሲታጠብ፣ ብቻውን ሲጫወት፣ ከሌላ ልጅ ጋር ሲሆን። አትፈትኑት። "እስቲ ለእንግዳው ቁጠርለት" ሲባል አብዛኛው ልጅ ድርቅ ይላል፣ እናንተም ታፍራላችሁ፣ ስለ ችሎታው ግን ምንም አላወቃችሁም። ዓይናችሁን አምስት ቦታ ላይ አድርጉ፦ ሰውነቱን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ፣ ጣቶቹ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚናገርና (ከዚያ በላይ ደግሞ) ምን እንደሚገባው፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚሆን፣ ችግር ሲገጥመው ምን እንደሚሞክር። አምስቱ እኩል አይሄዱም። አንዱ ቀድሞ ሌላው ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛው እርምጃ ዕድሜን እንደ ቀጠሮ አለማየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ ሳይደገፉ መራመድ የሚጀመርበትን ጊዜ ሲያስቀምጥ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ነው ያለው። ክፍተቱን አያችሁት? ስለዚህ "የእነ እገሌ ልጅ በ10 ወሩ ሄደ" የሚለውን ወሬ ከቁም ነገር አትቁጠሩት። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው የልጆች እድገት ዝርዝር ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ የሰፈረው በየዕድሜው ቢያንስ 75 ከመቶ ልጆች የሚያደርጉት ነገር ነው። ልጃችሁ ከዚያ ዝርዝር ወደ ኋላ ከቀረ ተጨነቁ ማለት ሳይሆን ጠይቁ ማለት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ካላችሁ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ የቀደመበትን ጊዜ ቀንሱ፤ ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ14 ወር ልጅ እንደ 12 ወር ልጅ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ግምቱ። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ያስተማረው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ልጅ ዛሬ በእርዳታ የሚሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል። ጫማ ሲያደርግ እዩት። መጀመሪያ እግሩን ይዘረጋል፣ ሌላው የእናንተ ሥራ ነው። ቆይቶ እናንተ ስትይዙለት ተረከዙን ይገፋል። ከዚያ ግራና ቀኙን እያምታታ ብቻውን ይታገላል፤ ልታግዙት ስትሞክሩ ደግሞ "እኔ ራሴ!" ብሎ ቤቱን ይቀውጠዋል። እናንተ የምትመዘግቡት ጫማውን ማድረግ አለማድረጉን ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል እርዳታ እንደፈለገ ነው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ካልሆነለት በቃል ንገሩት። አሁንም ካቃተው አሳዩት። እጁን መያዝ የመጨረሻው ነው። ባለፈው ወር እጅ ይፈልግ የነበረው ልጅ ዛሬ ቃል ብቻ ከበቃው፣ ብቻውን የሚያደርግበት ጊዜ ቀርቧል። ግምታችሁን ከነቀኑ ጻፉትና ጊዜው ሲደርስ ተመለሱበት። ካልሆነ ዕድሉን ሰጥታችሁት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ሁልጊዜ እናንተ የምታለብሱት ልጅ መልበስን ከየት ይማራል?

ቀድመው የሚመጡ ምልክቶችም አሉ። መጠቆም ከቃል ይቀድማል። በሩን እየጠቆመ "አባ" የሚል ልጅ ሁለት ቃል ለማያያዝ ጥቂት ነው የቀረው። ሲጫር የሚውለው እርሳስ በ3 ዓመት አካባቢ ክብ ይሠራል፣ በ4 መስቀል፣ ቀጥሎ አራት ማዕዘን፣ በ5 ገደማ ሦስት ማዕዘን። ሰው ሲስል ደግሞ እግሮቹ ከጭንቅላቱ ይወጣሉ፤ አታርሙት፣ ሆዱ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ድብብቆሽ ሲጫወት ፊቱን ብቻ ሸፍኖ የተደበቀ የሚመስለው ልጅ በ4 ዓመቱ ገደማ ሌላው ሰው የሚያየውና የሚያውቀው ከራሱ እንደሚለይ ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹ ደካማ ውሸቶችም በዚያው ሰሞን ይጎላሉ። ቸኮሌት አፉ ዙሪያ ተለድፎ "አልበላሁም" ሲላችሁ ብትቆጡም ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት። የአእምሮ እድገት ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ማንኪያው ነው። ብዙ የ3 ዓመት ልጅ እስከ 10 ይዘምራል፣ ወላጅም "መቁጠር ይችላል" ይላል። እስቲ በጨዋታ መካከል "2 ማንኪያ አምጣልኝ" በሉት። በእጁ ሙሉ ዘግኖ ያመጣል። "አንድ" ስትሉት ግን አንድ ያመጣል። ልጆች ቁጥርን የሚያውቁት በተራ ነው፦ አንድን ያውቃሉ፣ ከወራት በኋላ ሁለትን፣ ከዚያ ሦስትን፤ ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ገደማ ነገሩ በአንዴ ይበራላቸውና የቆጠሩት የመጨረሻ ቁጥር ብዛቱ መሆኑ ይገባቸዋል። ቀኑን መናገር አይቻልም፣ ተራው ግን አይዛነፍም ማለት ይቻላል። ልጃችሁ ሁለትን ካወቀ ቀጣዩ ሦስት ነው፤ እናንተም ሦስት ሦስት ነገር እያሳያችሁ ተጫወቱ፣ ሃያ ማስጠናቱን ተዉት።

ለትምህርት ቤት ሲቃረብ የሚታየውም ይኸው ነው። ዕቃ በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራል? የሰማውን ታሪክ መልሶ ይናገራል? ተራ ይጠብቃል? ከእናንተ ተለይቶ ይቆያል? ትምህርት ሲጀምር ያለው የቁጥር ዕውቀት ከማንበብ ጅማሮና ትኩረት ከማድረግ ጋር ለኋላ ውጤት ጠቋሚ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ልጅን ከረሜላ ፊት አስቀምጦ "ከታገሥክ ሌላ እጨምርልሃለሁ" የሚለው፣ የልጁን የኋላ ውጤት ይተነብያል የተባለለት የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዋልተር ሚሼል ፈተና ግን ስሙ ከሥራው በልጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ልጆችን ይዞ ሲደገም፣ የቤተሰብ ሁኔታ ከግምት ሲገባ ትንበያው በጣም ቀንሶ ተገኝቷል። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ልጁ ርቦት ሊሆን ይችላል።

ቁመት ቀላሉ ነው። የእናትና የአባትን ቁመት ደምሩ፣ ለወንድ 13 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፣ ለሴት 13 ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ። ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ስምንት ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ከ2 ዓመት በኋላ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። አጭር መሆኑ ብቻውን አያሳስብም፤ ይዞት ከቆየው የእድገት መስመር ወርዶ ሲቀር ግን ይታይ።

ግምት የማይሠራባቸው፣ መጠበቅም የማያስፈልግባቸው ነገሮች አሉ። በየትኛውም ዕድሜ የሚችለውን ነገር ከተወ፣ ይናገር የነበረውን ካቆመ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ፣ በ18 ወሩ ካልሄደ፣ አንድም ቃል ከሌለው ወይም ነገር ጠቁሞ ካላሳያችሁ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ካላያያዘ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። "ወንድ ልጅ ነው፣ ይዘገያል"፣ "አባቱም በ4 ዓመቱ ነው አፉን የፈታው" የሚሉትን ምክሮች አመስግናችሁ እለፏቸው። ዘግይተው ከሚናገሩ ልጆች ብዙዎቹ በኋላ እኩዮቻቸው ላይ ይደርሳሉ፤ የሚባለው የሚገባውና በእጁ ብዙ የሚያስረዳ ልጅ የተሻለ ተስፋ አለው። ግን ማን እንደሚደርስ ማን እንደሚቀር ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም። ንግግር ለዘገየ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው የጆሮ ምርመራ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የሁለቱንም ቃላት ደምራችሁ ቁጠሩ።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ደብተሩን ያዙ። ልጆች እዚያ ክፍል ውስጥ ወይ ያለቅሳሉ ወይ ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲጫወትና ሲያወራ የቀረጻችሁትን አጭር ቪዲዮም ስልካችሁ ላይ አዘጋጁ፣ ያሳሰባችሁንም ነገር ከየትኛው ወር ጀምሮ እንዳያችሁት ከነቀኑ ንገሩት።