አዲስ አበባን በእግር ቁልቁል፦ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ፍል ውሃ

ብዙ ሰው እንጦጦን በእግሩ ይወጣና በታክሲ ይመለሳል። እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ እንዳልኩ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። ላይ ስደርስ ዛፉንም ሰማዩንም የማይበት ዓይን አልነበረኝም።

እናንተ ገልብጡት። ዳገቱን በታክሲ፣ ቁልቁለቱን በእግር። ከተማዋም የወረደችው በዚሁ አቅጣጫ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደውት ታች ቤት ካሠሩ በኋላ ነው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው። እኛም ከእንጦጦ ማርያም ተነሥተን ፍል ውሃ አካባቢ እናበቃለን። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካልተጣደፋችሁ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጊዜውን ከመስቀል በኋላ አድርጉት። ዝናቡ አባርቷል፣ ምድሩም ገና አረንጓዴ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንጦጦ መድረስ ጥሩ ነው። ጎሕ ሳይቀድ አትውጡ፤ ብርዱም ጅቡም አለ። ብቻችሁንም አትሂዱ።

ከዋዜማው የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ትስቁ ይሆናል፤ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ግን ይገባችኋል። ቁልቁለት ሲወርዱ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል፣ ጉልበትም ይደክማል። የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ። ውሃ፣ ቆሎ፣ ቀለል ያለ ሹራብና መታወቂያ ያዙ።

ሽሮ ሜዳ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ታክሲ ሂዱ። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት ናት። ግቢዋ ውስጥ ትንሽ ተቀመጡ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ ሰውነታችሁ ይልመደው። ነጠላ ያላችሁ ልበሱ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ከዚያ ወደ ዛፎቹ። እዚህ አትቸኩሉ። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ። ጥዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት። ቅጠሉን አንሥታችሁ በጣታችሁ እሹት። ልጅ ሆናችሁ ጉንፋን ሲይዛችሁ በብርድ ልብስ ተሸፍናችሁ የታጠናችሁት ትዝ ይላችኋል።

ግን ከሥሩም ተመልከቱ። ምድሩ ደረቅ ነው፤ ከረገፈ ቅጠል በቀር ብዙ ነገር አይበቅልም። በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ከተረፉት ጥዶችና ወይራዎች ሥር ያለውን ጥላ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ለእኔ የአዲስ አበባ እውነተኛ ደን ያለው የቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ነው። አገር በቀል ዛፍ በብዛት ማየት የሚፈልግ ሌላ ቀን ለብቻው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይሂድ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ቢሆን ቀን ይፈልጋል።

አሁን አስፋልቱን ይዛችሁ ውረዱ። መኪናው ፊት ለፊታችሁ በሚመጣበት በኩል ሂዱ። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከኋላ ሲመጡ ዳር ያዙላቸው። ያንን ሸክም ይዞ መቆም ከመራመድ ይከብዳል። ፎቶ እንዳታነሷቸው።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሰፈር ነው። ካያችሁ መግዛታችሁ አይቀርም፣ ከገዛችሁ ደግሞ መሸከም አለ። ስለዚህ እለፉት።

ስድስት ኪሎ ስትደርሱ መታወቂያችሁን አሳይታችሁ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ገነት መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አግዳሚ ወንበርም አይጠፋም። ግቢው ውስጥ ካለው ሙዚየም ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ለፋሽስት አገዛዝ ዓመታት መታሰቢያ የሠሩት ነው። በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ በከተማዋ ካሉ ሐውልቶች ሁሉ ይሄን አበልጣለሁ።

ወደ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ቀላል ነው። እዚያ ማኪያቶ ጠጡ። ከዚያ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ጎራ በሉ፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ያረፉበት ነው። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ያለውን አንድነት ፓርክ ግን ለሌላ ቀን ተዉት፤ በደከመ እግር አያምርም። በቤተ መንግሥቱ አጥር ስር ስታልፉ ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

መጨረሻችን ፍል ውሃ አካባቢ ያለው ወዳጅነት ፓርክ ነው። የመግቢያ ዋጋውንና ሰዓቱን ቀድማችሁ አጣሩ። ውሃው ዳር ተቀምጣችሁ የጫማችሁን ክር ፍቱ። ወደ ሰሜን ዞር ብትሉ የተነሣችሁበት ተራራ እዚያ ማዶ ይታያል። «በእግራችን እንመለስ» የሚል ጓደኛ ካለ ብቻውን ይሂድ።