ከምጣዱ እንጀምር፦ ቤት ውስጥ ኃይል ስንቆጥብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኃይል ቆጥቡ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን አምፖል ማጥፋት ነው። ከዚያ አልፎ የምናነበው ምክር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ አየር ማቀዝቀዣና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያወራል። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት። መንዝም ከዚያ አይሞቅም። እዚህ አካባቢ የቤት ኃይል የሚያልቀው እንጀራ ለመጋገር፣ ወጥ ለመሥራትና ብርድ ለመከላከል ነው። የምንሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

አምፖል እያጠፉ ምጣዱን መርሳት

ማታ ማታ "ያንን መብራት አጥፋ!" የማይባልበት ቤት የለም። ማጥፋቱ ጥሩ ነው። ግን ሒሳቡን እንየው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ ይህንኑ ለመጨረስ 5 ወር ይፈጅበታል። አሮጌው ባለ 60 ዋት አምፖል እንኳ ከ3 ሳምንት በላይ ይቆይበታል። አሮጌውን በኤልኢዲ ቀይሩት፤ ከዚያ በኋላ ትኩረታችሁ ማድ ቤቱ ላይ ይሁን።

የምጣዱ ትልቁ ብክነት ከመጀመሪያው እንጀራ በፊት ነው። ሸክላው እስኪግል ኃይሉ ይሄዳል፣ እንጀራ ግን ገና የለም። ለስድስት እንጀራም ለሠላሳ እንጀራም ምጣዱን ለማጋል የሚያስፈልገው ያው ነው። ስለዚህ በሳምንት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር ሁለት ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገር ያዋጣል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ተነጋግረው በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩማ ይበልጥ ያዋጣል። "እትዬ፣ ሲጨርሱ እንዳያጠፉት፤ የእኔም ሊጥ ደርሷል" ማለት ምንም ነውር የለውም።

አክንባሎውንም እዩት። እንጀራው ሲበስል ጎንበስ ብላችሁ እንፋሎቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ተመልከቱ። ጠርዙ የተጣመመ ወይም የተሸረፈ ከሆነ በአንድ ጎን ብቻ እየተንቦለቦለ ይወጣል፤ በዚያው በኩል ያለው የእንጀራው ጠርዝም ለመብሰል ይዘገያል። ያንን ጠርዝ ስትጠብቁ ሌላው ይደርቃል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል። አዲስ አክንባሎ መግዛት ከዚህ ይረክሳል።

የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍታችሁ ጋግሩ። ሸክላ ሙቀት ይይዛል። ከዚያ በኋላም የሚቀረው ሙቀት ለድርቆሽ የሚሆን እንጀራ ለማድረቅ ይበቃል። አዲስ ምጣድ ስትገዙ ደግሞ ከስር ምን እንዳለ ጠይቁ። የብዙዎቹ ሆድ ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ታች ያመልጣል። ከስሩ ሙቀት የሚከላከል ነገር ያለው ትንሽ ቢወደድም ይክሳል። ያለውን ራሳችሁ ፈታታችሁ ለመጠቅጠቅ ግን አትሞክሩ፤ ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ።

ሁሉም በሚጋግርበት ሰዓት መጋገር

ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ኃይል ይወርዳል። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። መብራት ከደከመ ቆጣሪውም ቀስ ስለሚል ልዩነት የለውም ብሎ የሚጽናና አለ። ልዩነት አለው። 220 መሆን ያለበት ቮልት ወደ 180 ከወረደ የምጣዱ የማሞቅ አቅም በ1/3 ያህል ይቀንሳል። ምጣዱ ግን ሙቀት ወደ ውጭ ማፍሰሱን አያቆምም። ስለዚህ ያው እንጀራ ረዘም ያለ ጊዜ፣ በድምሩም የበለጠ ኃይል ይወስዳል። የምትችሉ ረፋድ ላይ ወይም ከቀትር በኋላ ጋግሩ።

ደባል ቆጣሪ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። የአምስት ቤት ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ትንሽ የሚጠቀመውም ሰው በውድ እርከን ይከፍላል። አከራይና ተከራይ "ብዙ ታበራለህ" እየተባባሉ ከመጨቃጨቅ ለየብቻ ቆጣሪ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ቢጠይቁ ይሻላል።

ደጋ ላይ እንደ ቆላ መቀቀል

ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ታች ሸዋሮቢት ግን 95 ዲግሪ ይደርሳል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው። እሳት መጨመር አይፈይድም። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ ቀስ ብሎ ቢንተከተክም ቢገነፍልም ሙቀቱ ያው ነው፤ ትርፉ ውሃው ቶሎ ማለቁ ነው።

ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉት። ድስቱን ክደኑ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ። አቅም ያለው ሰው ደግሞ ፕሬዠር ድስት ይግዛ። በተለይ ለደጋ ሰው እንደ ቅንጦት ዕቃ መታየት የለበትም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ከፍታው የወሰደብንን ሙቀት ይመልሳል፣ ጊዜውንም ያሳጥራል።

ከሰል ይዞ መተኛት

ይህንን ከሌሎቹ ጋር እኩል ማስቀመጥ አልፈልግም። ይገድላል።

መብራት ሲጠፋ፣ ወይም የመብራት ሒሳብ ለመቆጠብ ሲባል፣ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ብርድ አገር የተለመደ ነው። በር ይዘጋል፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል። ብዙ ሰው ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይቶ ፍሙ ሲቀላ ማስገባት በቂ ይመስለዋል። በቂ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ ከሌለው ከቀላው ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና የጉልበት መክዳት ሲመጣ ሰውየው ድካም ወይም ጉንፋን ይመስለውና ጋደም ይላል። ከዚያ በኋላ ራሱን ማዳን ያቅተዋል።

የማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ የቀረውን ፍም "እንዳይባክን" ብሎ ወደ ልጆች ክፍል ማዞርም ያው ነው። እባካችሁ ተዉት። መስኮት ገርበብ ማድረግ ለተኛ ሰው ዋስትና አይሆንም። ከሰል በነደደበት ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመው ወይም ያጥወለወለው ሰው ካለ ቶሎ ወደ ውጭ አውጡት፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ቤቱን ሳይሸፍኑ ማሞቅ

የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሙቀቱ እዚያው ያልቃል። የመንዝ የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሣር ክዳን ብርድን የሚችሉት በውፍረታቸው ነው፤ ሣሩ በውስጡ አየር ይዞ ሙቀቱን ያቆየዋል። ቆርቆሮ ዝናብ ይከላከላል እንጂ ሙቀት አይዝም። ስለዚህ ክፍት ስቶቭ ለኩሶ ክፍል ከማሞቅ በፊት ኮርኒስ ይቅደም። የማዳበሪያ ኮርኒስም ቢሆን ለውጥ አለው፤ እሳት ከሚነድበት ማድ ቤት ግን ይራቅ። ምንም የሚነድ ነገር በሌለበት ክፍል የበሩን ስር ክፍተት በተጠቀለለ ጨርቅ ዝጉ። ለሌሊት ደግሞ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ቆጣሪ የለውም።

ኩበቱን ሁሉ ማንደድ

ለገጠሩ ቤት ኩበት እንደ ነፃ ማገዶ ይቆጠራል። ነፃ አይደለም። ኩበት ሲነድ ለገብሱና ለስንዴው መሆን የነበረበት ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። መሬቱ ሲደክም ያንኑ በማዳበሪያ ዋጋ መልሰን እንገዛዋለን። ኩበት ከነገ ጀምሮ ይቅር ማለት አይቻልም፤ ባሕር ዛፍ የሌለው ቤት ምን ያንድድ? መቀነስ ግን ይቻላል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የሲሚንቶ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ በትክክል ከተተከለ ማለቴ ነው። ምጣዱ ምድጃው ላይ ልክ ካልገጠመ ነበልባሉ በክፍተቱ ይወጣል፣ ገንዘቡም ከንቱ ይሆናል። ከሰል ለሚጠቀም ላቀች የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ አለ። አመዱን አትድፉት፤ ፎስፈረስና ፖታሲየም ስለሚቀርበት ጓሮ ላይ በትኑት።

እንጨትም ከሆነ ደርቆ ይንደድ። እርጥብ ባሕር ዛፍ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያፈላል፣ ከዚያ ነው ድስቱን የሚያስታውሰው። ፍልጡን ከክረምት በፊት ፈልጣችሁ ጣሪያ ስር ደርድሩት።

ባዮጋዝን ሳያሰሉ መጀመር

ባዮጋዝ እበቱን አየር በማይገባበት ማብላያ አብላልቶ ለማገዶም ለማዳበሪያም ያውላል፤ ጋዙ ምግብ ያበስላል፣ የሚወጣው ዝቃጭ ማሳ ይገባል። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ተሕዋስያን ግን ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ጋዙ እጅግ ይቀንሳል። ታች በሸዋሮቢትና በአጣዬ በኩል ያለ ቤተሰብ የሚያገኘውን ጋዝ ብርዳማው መሐል ሜዳ ላይ በዚያው መጠን መጠበቅ ስህተት ነው። አነስተኛ የቤት ማብላያ በቀን 20 ኪሎ ያህል እበት ይፈልጋል፤ ይህም አራት ገደማ ከብት ቤት ማደር አለበት ማለት ነው። በዚያው ልክ ውሃ ይጨመርበታል። 20 ሊትር ማለት በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ነው፤ እሱን የሚቀዱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ምንጩ ሩቅ ከሆነ መጀመሪያ ምርጥ ምድጃውን አስተክሉ፤ ባዮጋዙ ውሃው ሲቀርብ ይደርሳል።