ትኬት ላይ የተንጠለጠለ ፕሮፖዛል፦ በጉዞ እገዳ ዘመን የሠራናቸው የግራንት ስህተቶች

በማርች 2020 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሦስት ወር ረዚደንሲ (አርቲስት ሌላ ቦታ ተጋብዞ እየኖረ የሚሠራበት ዕድል) አግኝቼ ነበር። ቪዛው ተመትቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሻንጣው እስከ ግማሽ ሞልቷል። በዚያው ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አስፈላጊ ላልሆነ ጉዞ በራቸውን ዘጉ። ሠዓሊ ደግሞ አስፈላጊ ከሚባሉት ተጓዦች ተርታ አይገባም። ለነገሩ ከ1947 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረው የኤዲንብራ ፌስቲቫል እንኳ ያን ዓመት ተሰርዟል። ትልቁ የሥነ ጥበብ ትርኢት የቬኒስ ቢያናሌም ከ2021 ወደ 2022 ተገፍቷል። የኔ ሦስት ወር ማን ናትና!

ከዚያ በኋላ ስንት የግራንት (ለሥራ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ማመልከቻ እንደጻፍኩ አልቆጠርኩም። ጓደኞቼም ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኝ ነበር። ስህተቶቹ ይደጋገማሉ፤ አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። «መጓዝ ባይቻልስ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ቅጽ ላይ ስለሚያጋጥም ብነግራችሁ ይሻላል።

«ድንበሩ ሲከፈት እሄዳለሁ»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሥራው በሙሉ አንድ ትኬት ላይ ይንጠለጠላል። በረራው ከቀረ ፕሮፖዛሉም ቀረ። ገንዘብ ሰጪው ቦታ ሆናችሁ አስቡት፤ መቼ እንደሚጀመር ለማይታወቅ ሥራ ማን ብር ይመድባል?

እኔን የረዳኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከቤቴ ሳልወጣ ከዚህ ሐሳብ ምን ይወጣል? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ያቀረብኩት ሥነ ጥበብ ሳይሆን ጉብኝት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ከወጣ ግን ፕሮፖዛሉ ከእሱ ይጀምር። ለምሳሌ የወደብ ድምፅ ቀርጾ ሥራ ሊሠራ ያሰበ ሰው አለ እንበል። ወደቡ ጋ መድረስ አልቻለም። እዚያው የሚኖር አርቲስት ፈልጎ፣ ምን እንደሚቀረጽ በደብዳቤ እየነገረው፣ የተላከለትን ድምፅ ቤቱ ሆኖ ማቀናበር ይችላል። ያኔ የሁለቱ መጻጻፍ ራሱ የሥራው አካል ይሆናል። ጉዞው ከተሳካ ደግሞ ተጨማሪ ምዕራፍ ነው። አንባቢው ሁለቱንም መንገድ ለይቶ ማየት አለበት፦ እስከዚህ ድረስ ያለ ጉዞ፣ ከዚህ በኋላ በጉዞ።

ታዲያ ያ ወደቡ ጋ ያለው ሰው በነጻ እንዲሠራላችሁ አትጠብቁ። ክፍያው በጀቱ ላይ ይግባ።

«ካልሆነ በኦንላይን እናቀርበዋለን»

ይህች አንዲት መስመር ፕላን ቢ ተብላ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ መሰላችሁ። የሥነ ጥበብ ገበያ ትርኢት አዘጋጁ አርት ባዝል በ2020 የሆንግ ኮንጉን ትርኢት ሰርዞ ሥራዎቹን በኦንላይን ሲያሳይ፣ ከኋላው ባለሙያም አቅምም ነበረው። እናንተ ያላችሁ ምናልባት አንድ ስልክና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ዘርዝሩት። ማን ይቀርጻል? መብራቱ ከየት ይመጣል? የግርጌ ጽሑፉን ማን ይሠራል? ተመልካቹ ለምን ይገባል፣ ምን ያህልስ ይቆያል? በዙሪያው እየዞሩ ሊያዩት የተሠራ ቅርጽ ስክሪን ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሥራው ለስክሪን የማይሆን ከሆነ በግልጽ ጻፉና ሌላ መንገድ አምጡ። በፖስታ የሚላክ ትንሽ ኅትመትም መንገድ ነው።

በጀቱ የ2019 ሲሆን

ትኬት፣ ማደሪያ፣ ቀለም፣ በቃ። በዚያን ጊዜ ግን ብዙ አገር ሲገቡ 14 ቀን ኳራንቲን ነበር፤ ከበረራው በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ የተደረገ የፒሲአር ምርመራ የሚጠይቁም ነበሩ። ሒሳቡን እንሥራው። የ30 ቀን ረዚደንሲ አገኛችሁ። 14ቱን ሆቴል ውስጥ ከተቀመጣችሁ ለሥራ የቀረው 16 ነው። ስትመለሱም አገራችሁ 14 ቀን ለብቻችሁ ካስቀመጠቻችሁ፣ ለ16 የሥራ ቀን 44 ቀን ከገቢ ርቃችሁ ከረማችሁ ማለት ነው። የሆቴሉንና የምግቡን ወጪ ማን ይሸፍናል? በጀቱ ላይ ካልጻፋችሁት እናንተው ናችሁ።

ቀኑ የማይቀየር ርካሽ ትኬትም መጨረሻ ላይ ይወደዳል። ኢንሹራንስ ሲገባም ደቃቁን ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ ወረርሽኝን የማይሸፍኑ ውሎች ብዙ ነበሩ። እኔ ያን አላነበብኩም፣ የትኬቴም ብር አልተመለሰም። ደግሞ እባካችሁ የራሳችሁን የድካም ዋጋ ጻፉ። ለአናጢው፣ ለካሜራ ባለሙያው፣ ለአስተርጓሚው ተከፍሎ ለአርቲስቱ ዜሮ የሆነ በጀት ትሕትና አይደለም። ወጪውን በደንብ ያላሰበ ሰው ያስመስላል።

የአደጋ ጊዜ ድጎማን ከፕሮጀክት ግራንት ጋር ማምታታት

በ2020 ሁለት ዓይነት ገንዘብ ነበር። አንደኛው ገቢው ለተቋረጠበት አርቲስት መቆያ የሚሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤፕሪል የተጀመረው «አርቲስት ሪሊፍ» የተባለ የድጎማ ፈንድ ለአንድ ሰው 5,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት 160 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ለግለሰቦች የተያዘው 20 ሚሊዮኑ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ለአንድ የተወሰነ ሥራ የሚሰጠው የተለመደው ግራንት ነው።

ለመጀመሪያው አሥር ገጽ የፕሮጀክት ሐሳብ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚፈለገው ችግሩና የአርቲስትነት ማስረጃው ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የማይመለከታችሁን መሙላት ነው። የአሜሪካው ለምሳሌ ዜግነት አይጠይቅም ነበር፤ ግን ያለፉትን ሁለት ዓመታት እዚያው አገር መኖርንና መሥራትን፣ ዕድሜም ቢያንስ 21 መሆንን ይጠይቅ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ከሌላ አህጉር ሆኖ ለእንዲህ ያለ ድጎማ ሦስት ሌሊት ጽፏል። መሥፈርቱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። ከመጻፍ በፊት የመኖሪያ፣ የግብር እና የባንክ ሒሳብ ጥያቄዎችን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«ጀማሪ» የሚለውን በዕድሜ መተርጎም

«ለጀማሪ አርቲስቶች» የሚል ጥሪ ሲወጣ አንዳንዱ ሰጪ ዕድሜ ይገድባል፣ አንዳንዱ በሙያው የቆያችሁበትን ዓመት ይቆጥራል። በ45 ዓመቷ ሥዕል የጀመረች ሴት ጀማሪ ልትባል ትችላለች። ስለዚህ ትርጉሙን ከጥሪው ላይ እንጂ ከመስታወት አትፈልጉ።

የወረርሽኙ ታሪክ ገጹን ሲበላው

ያን ጊዜ «ዓለም በድንገት ቆመች» ብሎ ያልጀመረ ማመልከቻ ብርቅ ነበር። አንባቢውም እኮ ዓለም ስትቆም ቤቱ ተቀምጦ አይቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ የትኛው ሥራ ተሰረዘ፣ መቼ፣ ምን አጣችሁ። የቀረውን ቦታ ለሥራው ስጡት።

ብሩ ከገባ በኋላ ዝም ማለት

አንዳንዱ ግራንቱን ያገኛል፣ ጉዞው ይሰረዛል፣ ከዚያ በፍርሃት ድምፁን ያጠፋል። «ከነገርኳቸው ገንዘቡን መልስ ይሉኛል» ብሎ ነው። እኔም አንዴ እንዲሁ ሁለት ወር ዝም ብዬ ነበር። በመጨረሻ ጨክኜ ጻፍኩ፦ የትኬቱን ገንዘብ ለሸራ፣ ለቀለምና ለስቱዲዮ ኪራይ ላዙረው ወይ? አዲሱን በጀት አባሪ አድርጌ ላክሁ። መልሱ በማግሥቱ መጣ። እሺ ብለዋል፤ ብቻ ቀደም ብዬ ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ የማስረከቢያውን ቀንም ያራዝሙልኝ ነበር። አሁን ግን የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቷል አሉኝ። የስድስት ወሩን ሥራ በአራት ወር ጨረስኩት።