ቶርቹ አልበይድ ሲል፦ የትንሽ ጋዝ ብየዳ ችግርና መፍትሄ

መጀመሪያ የገዛሁት ቶርች ፕሮፔን ጣሳ አናት ላይ የሚጠመዘዘው ዓይነት ነበር። ሁለት ቱቦላሬ አያይዤ የበርጩማ እግር ልሠራ ተነሳሁ። ግማሽ ሰዓት ለበለብኩት። ብረቱ ቀላ። ብርቱካናማ ሆነ። እዚያው ቆመ። ጠብ ያለ ነገር የለም። "አጭበረበሩኝ" ብዬ ስበሳጭ ዋልኩ። ቶርቹ ግን ጤነኛ ነበር። ያልተሠራበትን ሥራ ነው ያዘዝኩት።

ስለዚህ "የትኛው ቶርች ይሻላል?" ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ብረቱን ራሱን አቅልጣችሁ ልታዋህዱት ነው? ወይስ ብረቱ ሳይቀልጥ፣ መሃሉ የገባው ናስ ቀልጦ እንዲያጣብቀው ነው የምትፈልጉት? ከታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹ ይህን ሳይለዩ ከመግዛት የሚመጡ ናቸው።

ብረቱ ይቀላል እንጂ አይቀልጥም

ብረት የሚቀልጠው ከ1,400 እስከ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ፕሮፔን ከአየር ጋር ብቻ ሲነድ ነበልባሉ 1,900 አካባቢ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ሲታይ ይበቃል። ግን ብረት ሙቀቱን ይዞ አይቀመጥም። እናንተ በአንድ በኩል ስትሰጡት እሱ በሌላ በኩል ይበትነዋል። ቀዳዳ ባልዲ እንደ መሙላት ነው።

ኦክስጅን ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። ፕሮፔን ወደ 2,800 ይወጣል፣ አሲቴሊን የሚባለው የብየዳ ጋዝ ደግሞ ከ3,100 ያልፋል። "ታዲያ ፕሮፔንና ኦክስጅን ይበቃኛላ!" የሚል አይጠፋም። ለማቅለጥ፣ አዎ። ለመበየድ ግን አይሆንም። የፕሮፔን ሙቀት በሰፊው የውጭ ነበልባል ላይ የተበተነ ነው። የአሲቴሊን ሙቀት ግን የውስጠኛዋ ሹል ነበልባል ጫፍ ላይ ተሰብስቧል። በዚያ ላይ በዙሪያዋ ያለው ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። በፕሮፔን ሲሞከር ብረቱ አየር እየበላው ይቃጠላል፣ ስፌቱም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

መፍትሄው ሁለት ነው። ብረትን በብረት ማዋሃድ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ኦክስጅንና አሲቴሊን የሚወስድ ቶርች ግዙ፤ አቋራጭ የለውም። አለበለዚያ የማያያዣ መንገዳችሁን ቀይሩ። የናስ ዘንግ 900 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ፕሮፔንና ኦክስጅን ይህን እንደ ጨዋታ ነው የሚሠራው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቤት ውስጥ ለሚሠራ በርጩማ፣ መደርደሪያና ትንሽ ፍሬም ናስ ከበቂ በላይ ነው። የድሮ የብስክሌት ፍሬሞችን እዩ። ብዙዎቹ የተያያዙት በናስ ነው፤ ስንት ዓመት ሰው ተሸክመዋል።

በነገራችን ላይ፣ ሥራውን እሳት በሚችል ጡብ ዙሪያውን ከለል ብታደርጉት ደካማ ቶርች እንኳ ጉልበት ያገኛል። ኮንክሪት ወለል ላይ ግን እንዳታደርጉት። በውስጡ ያለው እርጥበት ሲሞቅ ፍንጣሪው ፊት ላይ ይመጣል።

ናሱ እንደ ዶቃ ተንከባለለ፣ አልያዘም

ሦስት ምክንያት አለው። ብረቱ ቆሽሿል፣ ወይ ፍላክስ (ናሱ እንዲይዝ ብረቱ ላይ የሚቀባው ማጽጃ) የለውም፣ ወይ ገና አልሞቀም። ቆሻሻ ስል ዝገት ብቻ አይደለም። የጣት ቅባትም ይበቃዋል። በሞረድ እስኪያብረቀርቅ ፋቁት፣ ቅባቱን አጥቡት፣ ፍላክስ ቀቡት።

ከዚያ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ይመጣል፤ ዘንጉን በነበልባሉ ማቅለጥ። የቀለጠው ጠብታ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ይንከባለላል። ነበልባሉን ብረቱ ላይ አድርጉ። ፍላክሱ መጀመሪያ ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ረግቶ ይፈሳል። ብረቱ ሲቀላ ዘንጉን ከነበልባሉ ፈቀቅ አድርጋችሁ ብረቱን ነካ አድርጉበት። ብረቱ ራሱ ካቀለጠው ደርሷል። ናሱ ስንጥቁ ውስጥ ስርግ ሲል ታዩታላችሁ። በናስ ፈንታ የምትጠቀሙት የብር ዘንግ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ክፍተት ከአንድ ወረቀት ውፍረት አይብለጥ።

ሦስት ነገር እዚህ ላይ አደራ። ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ቅቡን በሞረድ አስወግዱ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፣ ነጩ ጭስ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃም ብረት አታጽዱ። ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል መርዝ ያወጣል። የብር ዘንግ ስትገዙም ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበትን ጠይቁ።

ጷ! እያለ ይተኩሳል

ይህ ብዙ ሰው ቶርቹን ወርውሮ የሚተውበት ችግር ነው። በያዛችሁት እጅ ላይ ሲተኩስ ልብ ይሰውራል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። ጫፉ ብረቱን ነክቷል፣ ወይ በጣም ግሏል፣ ወይ ቀዳዳው ቆሽሿል።

አራተኛው ምክንያት ግን ከአመራረጥ ጋር ይያያዛል። ሰው ትልቅ ጫፍ ያስርና "ቀጭን ሥራ ነው" ብሎ ጋዙን ይቀንሳል። ነበልባል የራሱ ፍጥነት አለው። ጋዙ ከዚያ ፍጥነት በታች ሲወጣ እሳቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ይተኩሳል። ትንሽ ነበልባል ሲያስፈልጋችሁ ትንሽ ጫፍ እሰሩ፤ ትልቁን ጫፍ አታስርቡት። አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ቶርች የማልወደው ለዚህ ነው።

ሲተኩስ ዝጉት፣ ኦክስጅኑን አስቀድሙ። ይቀዝቅዝ። ቀዳዳውን ለዚሁ በተሠራው የጫፍ ማጽጃ መርፌ ጥረጉ። በድሪል ጫፍ አትነካኩት። ቀዳዳው ከሰፋ ወይ ከተጣመመ ነበልባሉ ዳግመኛ ቀጥ አይልም።

ከዚያ እንደገና ለኩሱት። አሲቴሊኑን ብቻ ከፍታችሁ በብልጭታ መለኮሻ አንድዱ። የሲጋራ ላይተር አይሁን፣ ኪስ ውስጥም አይኑር። ቢጫ ሆኖ ጥቀርሻ ይረጫል። ጥቀርሻው እስኪጠፋ ጋዙን ጨምሩ። አሁን ኦክስጅኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከውስጠኛዋ ሹል ነበልባል ፊት እንደ ላባ የተበጠበጠ ነጣ ያለ ነበልባል ታያላችሁ። እያጠረ ይመጣል። ልክ ሹሏ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ እጃችሁን አቁሙ። ለብረት የሚሆነው ነበልባል ይህ ነው።

ተኩሱ ወደ ፉጨት ከተለወጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲጢጥ የሚል ድምፅ፣ ጥቁር ጭስ፣ የሚግል እጀታ፤ እሳቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ወዲያው ኦክስጅኑን፣ ቀጥሎ ጋዙን ዝጉ። ከዚያ ሄዳችሁ ሲሊንደሮቹንም ዝጉ። እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ በሁለቱም ጎማ ላይ ከሌለ መጀመሪያም አትለኩሱ።

ስፌቱ ያምራል፣ ግን ተሰበረ

ነበልባሉን ተመልከቱ። ላባው ረዝሞ ከቀረ ጋዙ በዝቷል። ካርቦን ወደ ብረቱ ይገባና ጠንካራ ግን ተሰባሪ ያደርገዋል። በተቃራኒው ሹሏ በጣም አጥራ ከፉጨት ጋር ከሆነ ኦክስጅን በዝቷል። ቀልጦ የተጠራቀመው ብረት አረፋ ያወጣል፣ ብልጭታም ይረጫል። ለናስ ብቻ ትንሽ የኦክስጅን ብልጫ አይጎዳም።

ላሜራው ተበሳ፣ ወይ ተጣመመ

ጫፉ ትልቅ ነው፣ ወይ እጃችሁ ዘግይቷል። ለ1 ሚሊሜትር ላሜራ ያሏችሁን ትንሹን ጫፍ እሰሩ። በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ ያዙት፣ ከዚያ መስፋት ጀምሩ። ጋዝ ብየዳ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ብረት ያጣምማል፣ ይህን መቀበል ነው።

ነበልባሉ እየደከመ ሄደ

የፕሮፔን ጣሳውን በእጃችሁ ዳብሱት። ውርጭ ይዞ ይሆናል። ፈሳሹ ጋዝ ሲሆን ሙቀት ስለሚወስድ ጣሳው ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል፤ ቡቴን የበዛበት ጣሳ ግን ዜሮ አካባቢ ላይ ይሞታል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። እሳት እንዳታሳዩት።

የአሲቴሊን ሲሊንደር ሌላ ባሕርይ አለው። ጋዙ ውስጡ ያለው አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ሟሙቶ ነው። በሰዓት ከሲሊንደሩ ይዘት ከ10 አንዱን እጅ በላይ ከሳባችሁ አሴቶኑም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ትንሽ ሲሊንደር ላይ ትልቅ የማሞቂያ ጫፍ አይታሰርም። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከሲሊንደሩ ወደ ቶርቹ የሚወጣው ግፊትም ከ1 ባር አይለፍ። ከዚያ በላይ አሲቴሊን ያለ ኦክስጅንም ሊፈነዳ ይችላል።

ኦክስጅኑ ቶሎ ካለቀ ደግሞ ሒሳቡን ሥሩ። ፕሮፔን ከራሱ መጠን 4 እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይጠጣል። አሲቴሊን በቶርቹ በኩል እኩል ለእኩል ይበቃዋል፣ የቀረውን ከአየር ይወስዳል። እነዚያ የሚጣሉ ቀያይ የኦክስጅን ጣሳዎች ለደቂቃዎች እንጂ ለሥራ አይሆኑም። እኔ ሁለት ጣሳ ጨርሼ አንድ ማጠፊያ ነው ያያያዝኩት።

ሱቅ ስትሄዱ

ቶርቹን አንሱና ቫልቮቹን አዙሩ። ሳይዘሉ፣ ሳይላሉ ለስለስ ብለው መዞር አለባቸው። የጋዙ ብሎን ወደ ግራ የሚጠብቅ፣ ጠርዙም ጭረት ያለበት ይሁን። ኦክስጅን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ዘይትም ግራሶም አይነካው፤ በግፊት ሲመታ ራሱ ይቀጣጠላል። ፕሮፔን ልትጠቀሙ ከሆነ ጎማው ለፕሮፔን የተሠራ መሆኑን ጠይቁ፣ የአሲቴሊኑ ጎማ ከጊዜ ጋር ይበላሻል። ለአሲቴሊን ቁጥር 5 ጥቁረት ያለው መነጽር አብራችሁ ያዙ፣ የፀሐይ መነጽር አያገለግልም። በመጨረሻ ሻጩን፣ ለዚህ ቶርች ጫፍ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁት። "የለም" ካለ ቶርቹን መልሱለት።