ለአጭሩ ልጅ የተከላካይነት ቦታ፦ ከፊሊፕ ላም የእግር ኳስ ሕይወት የሚወጣ የሥልጠና መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ታዳጊዎች ሲመለመሉ አጭርና ቀጭን የሆነ ልጅ፣ ኳስ የቱንም ያህል ቢችል፣ «ለተከላካይ አይሆንም» ተብሎ ወደ ክንፍ ሲገፋ ወይም ጨርሶ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። ይህን አሠራር መቀየር የሚፈልግ አሰልጣኝ፣ ቁመቱ 1.70 ሜትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫን በአምበልነት ያነሣውን ጀርመናዊ ተከላካይ ፊሊፕ ላምን አብነት ቢያደርግ ይጠቀማል፤ የዚህ ተጫዋች ጉዞ ጥሩ ተከላካይ ከጉልበት ይልቅ በአቋቋም እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያልና።

በምልመላ ዕለት ከቁመትና ከፍጥነት በፊት የልጁን ዓይን ይከታተሉ። ሦስት ለሦስት ሲያጫውቷቸው፣ ኳስ ሳትደርሰው አንገቱን ዞር አድርጎ ከኋላው ማን እንዳለ የሚያይ ልጅ ካገኙ ስሙን ይመዝግቡ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁለቱንም እግር ማስለመድ ሲሆን፣ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። ላም ቀኝ እግረኛ ቢሆንም፣ ክለቡ ባየርን ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሌላው የጀርመን ክለብ ለሽቱትጋርት በውሰት ሲሰጠው የቀኙ ቦታ ተይዞ ስለነበር በግራ መስመር ተሰለፈ። የዚያ ልምምድ ፍሬ እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2006 ታየ፤ የዓለም ዋንጫው መክፈቻ ላይ ከኮስታሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ በ6ኛው ደቂቃ ከግራ መስመር ወደ ውስጥ ቆርጦ ገብቶ በቀኝ እግሩ የመታት ኳስ የሩቁን ቋሚ ነክታ መረብ ውስጥ ገባች። ይህን ለማስተማር በፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ የግራ ጥግ ላይ ራስዎ ይቁሙና ልጁ ከመስመሩ ኳስ ይዞ ወደ እርስዎ ይምጣ። እርስዎ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ከተራመዱ በውጭ በኩል አልፎ በግራ እግሩ ያሻማ፤ ወደ መስመሩ ከተራመዱ ደግሞ ወደ ውስጥ ቆርጦ በቀኙ ይምታ። የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድመው አይንገሩት፤ ውሳኔው ከእርስዎ እግር ላይ መነበብ አለበት።

ላም በዋና ቡድን ዘመኑ ሁሉ ቀይ ካርድ አይቶ አያውቅም፤ ልጁም በጥፋት ሳይሆን በእግሩ ቆሞ መከላከልን ይማር። በእኛ ደረቅና ጠጠራማ ሜዳ ሸርተቴ፣ ማለትም መሬት ላይ ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ፣ የልጅን ጭንና ክርን ይልጣል፤ ከሁሉ በላይ ግን መሬት ላይ የተኛ ተከላካይ ከጨዋታ ውጭ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትከር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ 8 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ አስምረው አንድ ለአንድ ያጋጥሟቸው፤ ሸርተቴ ክልክል ይሁን። ተከላካዩ ጎኑን ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ በአንድ ክንድ ርቀት እያፈገፈገ አጥቂውን ወደ መስመሩ ይግፋው፤ እግሩን የሚሰደው ኳሷ ከአጥቂው እግር የራቀች ጊዜ ብቻ ነው።

የላምን መልካም ጎን ብቻ ማሳየት ግን ተገቢ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፈርናንዶ ቶሬስ ከላም ጎን ዞሮ ቀደመውና ከግብ ጠባቂው የንስ ሌማን በላይ አሳልፎ ስፔንን ለድል ያበቃችውን ብቸኛ ግብ አስቆጠረ። ቪዲዮውን ለተከላካዩም ለግብ ጠባቂውም አብረው ያሳዩአቸው፤ ከዚያም ኳሷ የማን እንደሆነች የሚያሳውቅ አንድ አጭር ቃል ይስማሙ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ማልያ በሚጫወቱባት ከተማችን፣ በጭንቅ ሰዓት እያንዳንዱ በአፍ መፍቻው ስለሚጮህ ይህ ስምምነት በልምምድ ሁሉ መደገም አለበት።

ጉዳትን በተመለከተ፣ ላም እ.ኤ.አ. በ2005 የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ለወራት ከሜዳ ርቋል፤ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ሐኪም ሳያየው አይመለስ።

በመጨረሻም ልጁን በአንድ ቦታ አይቸንክሩት። አሰልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ እ.ኤ.አ. በ2013 ባየርንን ሲረከብ የ29 ዓመቱን ላም ወደ አማካይ ስፍራ አመጣው፤ በወቅቱ የጀርመን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረው ዮአኺም ሎቭም በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች በአማካይነት አስጀምሮት፣ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ሩብ ፍጻሜ ወደ ቀኝ መስመር መለሰው። እርስዎም በየወሩ ቢያንስ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ተከላካይዎን በአማካይነት ያሰልፉት፤ በማስታወሻ ደብተርዎም ኳስ ከመቀበሉ በፊት ስንት ጊዜ ዞር ብሎ እንዳየ ይቁጠሩ፣ ቁጥሩንም ከጨዋታው በኋላ ለብቻው ያሳዩት።