ሶሻል ወርክን እንዴት እንማረው? ከአረጋውያን ጋር መሥራት ለሚፈልግ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪ

ለተግባር ልምምድ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ፎርሙ የሚጀምረው በዕድሜ ነው። «እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉኝ። መታወቂያቸውን አወጡልኝ። የትውልድ ዘመን 1945 ይላል። መታወቂያውን የሞላው ልጅ ፊታቸውን አይቶ ገምቶ የጻፈው ነው። ትንሽ ቆይተው ግን «ጣልያን ሲወጣ ጡት አልጣልሽም ነበር ትለኝ ነበር እናቴ» አሉ። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው። መታወቂያው ከአሥር ዓመት በላይ አሳንሷቸዋል ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ ዕድሜ ማለት በአንድ ሳጥን የሚሞላ ቁጥር ነበር። እዚያ ቤት ግን ተቀምጦ፣ አዳምጦ የሚገኝ ነገር ሆነ። ሶሻል ወርክ መማር እንደሚፈልጉ የሚነግሩኝን ልጆች ሁሉ ይህን አጫውታቸዋለሁ። ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። የሙያውን ግማሽ የምትማሩት ግን እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱን ከመጀመሪያው ቀን ጎን ለጎን አስኪዱ።

መጀመሪያ፦ የምትማሩትን ለዩ

ብዙ ሰው ሶሻል ወርክን ከሶሲዮሎጂ ጋር ይቀላቅላል። በምሳሌ እንየው። አንድ የደም ግፊት ያለባቸው አባት መድኃኒታቸውን አቋረጡ እንበል። የሶሲዮሎጂ ተማሪ እንዲህ የሚያቋርጡት እነማን እንደሆኑ፣ ኑሯቸው ምን እንደሚመስል ያጠናል። የሳይኮሎጂ ተማሪ ተስፋ ቆርጠው እንደሆነ ይመረምራል። የሶሻል ወርክ ተማሪ ሁለቱንም ይጠይቅና አብሯቸው ይነሳል። የጤና መድህን ደብተራቸው ታድሷል? መድኃኒት የሚያመጣላቸው ማነው? ልጆቻቸውን ሰብስቦ ማነጋገር ይቻላል? ሰውየውን፣ ቤተሰቡን፣ ሰፈሩንና ደንቡን አንድ ላይ ያያል።

ስለ እርጅና ብቻ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ እኛ አገር አልተለመደም። መንገዱ በሶሻል ወርክ ወይም በሶሲዮሎጂ ገብቶ በልምምድ፣ በመመረቂያ ጽሑፍና በማስተርስ ወደ አረጋውያን ጉዳይ ማዘንበል ነው።

ትምህርቱ ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ዘመን ተዘጋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደገና ጀመረው። ዛሬ ጎንደርና ጅማን ጨምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል። መሃል ላይ ትውልድ የሚያህል ክፍተት ስላለ ቤተሰብ «ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ቢላችሁ አትከፉ። ከላይ ያለውን የደም ግፊት ምሳሌ ንገሯቸው።

ቀጥሎ፦ መግቢያው

11ኛ ክፍል ላይ ማኅበራዊ ሳይንስን ትመርጣላችሁ። ከሂሳብ ተገላገልኩ ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ብሔራዊ ፈተናው ላይ አለ፣ ፍሬሽማን ላይ አለ፣ በኋላም በስታቲስቲክስ ስም ይመጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኮርሶች ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የጋራ ናቸው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ደሴ ነው። የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ሰፈሬ ያለው ግቢ ገብቼ ማኅበራዊ ሳይንስ እማራለሁ ብሎ እንዳያስብ። ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ክልል ሊደርሳችሁ ይችላል። ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ እንዳለው አጣሩ።

እየሠራችሁ በማታ ወይም በርቀት የምትማሩ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና መስጠቱን አረጋግጡ። ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለዚያ ቅርንጫፍ፣ ለዚያ የትምህርት ዓይነት። ደሞዟን ቆጥባ ከፍላ፣ ዓመታት ተምራ፣ በመጨረሻ ማስረጃዋ ተቀባይነት ያጣባት እህት አውቃለሁ። ያንን ዕንባ ዳግም ማየት አልፈልግም።

ፍሬሽማን ላይ አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂና አካታችነት የሚሰኙ ኮርሶች አሉ። ብዙው ተማሪ ለውጤት ብቻ ያልፋቸዋል። እናንተ ማስታወሻችሁን አትጣሉ፤ ሙያው የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ፦ ቅሬ ግቡ

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ፣ ማን መዋጮ እንዳቃተው ከቢሮ ቀድሞ የሚያውቀው ቅሬ ነው። ለእረፍት ስትመጡ የሰፈራችሁን ቅሬ ጸሐፊ አግዙ። መዝገብ ገልብጡ፣ ድንኳን ሲተከል ተገኙ። መዝገቡን ስታዩ ስማቸው ያለውን ብቻ አትዩ። ድሮ ኖሮ አሁን የሌለውን ስም ፈልጉ። መዋጮ ስላቃታቸው በዝምታ የወጡ መበለቶች እዚያ ክፍተት ውስጥ ይገኛሉ።

መጽሐፍ ላይ ስለ ቡድንና ስለ ማኅበረሰብ ሥራ ስታነቡ ደግሞ አባጋሮችን አስቡ። ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁ ናቸው። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ፣ መቼ ዱዓ እንደሚደረግ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ተፈቅዶላችሁ ብትቀመጡ የወር ትምህርት ታገኛላችሁ።

ዋናው ሥራ፦ የቤት ለቤት ጉብኝት

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ክፍል ውስጥ የካትዝ መለኪያን ትማራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ ነው። አንድ አረጋዊ ያለ ረዳት ስድስት ነገር መሥራት ይችሉ እንደሆነ ያያል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርና መብላት። ጥሩ መለኪያ ነው። ግን ደሴ ዳገት ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ያሉ ብዙ ቤቶች መጸዳጃቸው ከቤት ውጭ፣ በደረጃ ወርዶ ነው። «መጸዳጃ ቤት ብቻዎን ይሄዳሉ?» ስትሏቸው «አዎ» ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። «ሐምሌ ላይ፣ ማታ፣ ዝናብ ሲጥልስ?» በሉ። መልሱ ይለወጣል። አንዳንዶቹ ማታ እንዳይወጡ ብለው ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት እንዳቆሙ የምትሰሙት ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ላውተንና ብሮዲ ያወጡት ሌላ መለኪያ አለ። ስልክ መጠቀምን፣ ገበያን፣ ምግብ ማብሰልን፣ መድኃኒት አወሳሰድን፣ የገንዘብ አያያዝንና የመሳሰሉትን ይጠይቃል። በዘመናቸው ወጥ ሠርተው የማያውቁ አባት «ምግብ ማብሰል አይችሉም» ተብለው እንዳይመዘገቡ ተጠንቀቁ። አለመልመድና አለመቻል ይለያያሉ። የስልኩንም ነገር ቀረብ ብላችሁ እዩ። አረብ አገር ካለችው ልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚያወሩ እናት ጥሪውን ራሳቸው ይከፍታሉ ወይስ የልጅ ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ?

ቡና ከተፈላ ደብተራችሁን አቦል ላይ አታውጡ። አቦል የሰላምታ ነው፤ የእናንተን ቤተሰብ የሚጠይቁበት ነው። ቶና ላይ ጨዋታው ይሞቃል። ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በረካ ላይ ነው፤ ያውም ልትነሱ ስትሉ። ስለዚህ አትቸኩሉ፤ በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትያዙ።

አማርኛችን «ጧሪ ቀባሪ» የሚል ቃል አለው። ልጅ የሚወለደው ለዚያም ነው ተብሎ ይታመናል። እናት ልጇ እንደማይጦራት መናገር ለእሷ ነውር ነው። ልጇን ማዋረድ ይመስላታል። ምራት ወይም ልጅ አጠገብ ባለበት «በደንብ ይንከባከቡዎታል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትባሉና ጉዳዩ ይዘጋል። ብቻቸውን ስታገኟቸው «ትናንት ማታ ምን በሉ? ማን ሰጠዎት?» በሉ። ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ይናገራል።

የመስማት ችግር ካለባቸው አትጩኹ። ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይረፍ፣ ድምፃችሁን ወፈር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። እርጅና መጀመሪያ የሚነጥቀው ቀጭን ድምፅ መስማትን ነው።

ማስታወሻውን በዚያው ምሽት ጻፉ። ያያችሁትንና የመሰላችሁን ለያይታችሁ። «ቤቱ የተጎሳቆለ ነው» ማስታወሻ አይደለም። «ሦስት ሰሃን ሳይታጠብ አድሯል፤ መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል» ማስታወሻ ነው።

የአንዳንዱ ሰው ኑሮ አንጀት ይበላል። ኪሳችሁን መዳሰሳችሁ አይቀርም። ገንዘብ ከሰጣችሁ ግን በሚቀጥለው ሳምንት የምትጠበቁት እንደ ረጂ ነው፤ ንግግሩም ለዚያ ይስተካከላል። ይልቅ ሰፊውን ሥራ ሥሩ። አንድ ወረቀት ላይ መሃል ክብ ሥሩና ስማቸውን ጻፉ። ዙሪያውን ልጆቻቸውን፣ ጎረቤትን፣ ቅሬን፣ መስጊድን ወይም ቤተ ክርስቲያንን፣ ጤና ጣቢያን፣ ቀበሌን በክብ አስቀምጡ። ጠንካራውን ግንኙነት በወፍራም መስመር፣ ደካማውን በነጠብጣብ አገናኙ። አን ሃርትማን የተባለች ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1975 የነደፈችው ነው፤ ኢኮማፕ ይባላል። የቧንቧ ውሃዋን እናት ስሥል ወፍራሙ መስመር የወጣው ወደ ልጆቻቸው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በጀሪካን ውሃ ወደሚያመጣ የጎረቤት ልጅ ነበር። የዚያ ልጅ ቤተሰብ በክረምቱ ወደ ኮምቦልቻ ሊዛወር ነበር። ያ መስመር ሲበጠስ ማን ይተካዋል? የዚያ ወር ሥራዬ እሱ ሆነ።

በመንገድ ላይ፦ ሕጉን ያዙ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ቢሮ ስትገቡ የሚያስከብራችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅቶቹ 1268/2014 ነው። በከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም በድሃ ቤተሰቦች መደገፊያ ፕሮግራም፣ መሥራት የማይችሉ ሰዎች በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ፤ ፕሮግራሙ በ2009 ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። መክፈል ለማይችሉ የጤና መድህን እንዴት እንደሚሸፈን ደግሞ ከቀበሌያችሁ ጠይቃችሁ እወቁ።

የመመረቂያ ጽሑፍ

ርዕስ ከሩቅ አታምጡ። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን በተቋቋመው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጉልበታቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አሉ፤ ወላጆቻቸው ከማን ጋር ቀሩ? እናቶቻቸው አረብ አገር ያሉ ሕፃናትን የሚያሳድጉ አያቶች አሉ። በ2014 ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ መሸሽ አቅቷቸው ቤት የቀሩ አረጋውያን አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ የአያቶቹን ጉዳይ አስቀድማለሁ፤ ገንዘቡ ሲላክ ስለሚታይ ድካማቸው ተሸፍኖ ቀርቷል።

ፈቃድ ስትጠይቁ ወረቀት አውጥታችሁ «ይፈርሙ» አትበሉ። ትርፍ ቤት የተወረሰበትን 1967 የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው፤ ጣት አስነክቶ የሚሄድ ሰው ያስፈራቸዋል። ዓላማውን በቃል አስረዱ፣ ያልፈለጉትን ጥያቄ መተው እንደሚችሉ ንገሯቸው፣ የቃል ፈቃድ የምትቀበሉበትን መንገድ አስቀድማችሁ ከአማካሪያችሁ ጋር ተስማሙ።

ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናም ማለፍ ያስፈልጋል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሥራው በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ በሆስፒታል፣ በሴፍቲኔትና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ይገኛል። «የአረጋውያን ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አይወጣም። በሌላ የሥራ መደብ ግቡና የአረጋውያንን ጉዳይ ይዛችሁ ሥሩ።

በዚህ ሳምንት የምትጀምሩት

ፈተናም ምደባም የማይጠብቅ ሥራ አለ። አንድ ገጽ ላይ ዓመታትን ወደ ታች ጻፉ፦ 1933 ጣልያን ወጣ፣ 1953 የታኅሣሥ ግርግር፣ 1966 ድርቅና አብዮት፣ 1967 የመሬት አዋጅና ዘመቻ፣ 1977 ድርቅ፣ 1983 ደርግ ወደቀ። ይዛችሁ አያታችሁ ጋ ሂዱ። በእያንዳንዱ ዓመት የት እንደነበሩ፣ አግብተው እንደነበር፣ ስንት ልጅ እንደነበራቸው ጠይቁ።

ስለ 66 እና ስለ 77 ስትጠይቁ ቀስ በሉ። ወሎ ነን፤ በእነዚያ ዓመታት ሰው ያልቀበረ ቤት ጥቂት ነው። ዝም ካሉ ዝም በሉ፣ ወደሚቀጥለው ዓመት እለፉ። አንድን ነገር ደጋግመው ካወሩም ጃጁ አትበሉ። ሮበርት በትለር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፈው አረጋውያን ያለፈውን የሚመላለሱበት ሕይወታቸውን ለመገምገም ነው።

በመጨረሻ የጻፋችሁትን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። «የለም፣ እሱ የሆነው ከሠርጌ በፊት ነው» ይሏችኋል። አርሙት።