የሕፃናት የቀን እንቅልፍ ከልደት እስከ አራት ዓመት

ደሴ ላይ አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ሕፃኑ እንቅልፍ አንድ ምክር ሳይሰጥ አይወጣም። አንዷ «ቀን አታስተኚው፣ ማታ ይተኛልሻል» ስትል ሌላዋ «የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም» ትላለች። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ምክር በአብዛኛው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሠራም። ቀን እንቅልፍ የተነፈገ ሕፃን ሲመሽ ከመጠን በላይ ስለሚደክም ለመተኛት ይቸገራል፣ ሌሊትም ደጋግሞ ይነቃል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ስላለበት፣ ክብደቱ በደንብ መጨመር እስኪጀምር ድረስ እንቅልፉ ሲረዝም እየቀሰቀሱ ማጥባት ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የቀኑና የሌሊቱ እንቅልፍ ተደምሮ እስከ 3 ወር ድረስ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይሆናል። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ የሆነው ልጆች ስለሚለያዩ ነው፤ ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ብዙ ስለተኛ የራስን ልጅ እንደ ጎደለው መቁጠር አይገባም።

ዋናው ነገር የግድግዳውን ሰዓት ሳይሆን ሕፃኑ ከነቃ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈው መከታተል ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሚጠባበትን ጊዜ ጨምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ነቅቶ መቆየት ይከብደዋል። በ4 ወሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ ከ6 እስከ 8 ወሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ልቅሶ የድካም የመጨረሻው ምልክት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ልጄ በስድስት ወሯ ሲደክማት አታለቅስም ነበር፤ የምትጫወትበትን ማንኪያ ትለቅና ጆሮዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ፈዝዛ ትቀር ነበር። በዚያች ቅጽበት ካስተኛኋት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትተኛለች፤ «ትንሽ ትጫወት» ብዬ ካሳለፍኩት ግን ግማሽ ሰዓት እሹሩሩ ማለት ግድ ይሆንብኝ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቋሚ የእንቅልፍ ሰዓት ለማስያዝ መታገል ፋይዳ የለውም፤ ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሥርዓት መልክ መያዝ የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር አካባቢ ነው። ወላጅ ሊያግዝ የሚችለው በብርሃን ነው። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ሲገፈፍ መጋረጃውን መክፈት፣ ቀን የቤቱን ድምፅ አለማፈን፣ ሌሊት ሲያጠቡ ደግሞ መብራቱን ማደብዘዝና ጨዋታውን መተው ይበቃል።

አራተኛው ወር አካባቢ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ብዙ ቤት የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀን ፈቃድ አልቆ እናት ወደ ሥራዋ፣ ምናልባትም ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ በምትመለስበት ወቅት የሕፃኑ እንቅልፍም ወደ ትልቅ ሰው አተኛኘት መቅረብ ይጀምራል። አንዱ የእንቅልፍ ዙር 45 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሕፃኑ ዙሩ ሲያልቅ በከፊል ይነቃና ወደሚቀጥለው መሻገር ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ሮጦ ከማንሳት ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ተነጫንጮ ተመልሶ ይተኛልና። ደግሞም በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በጠዋቱ እንቅልፍ ላይ፣ ሳይተኛ ግን ዓይኑ ሲከብድ አልጋው ላይ ማስተኛት ራሱን ችሎ መተኛትን ያለማምደዋል። አያት ወይም ሞግዚት የምትጠብቀው ከሆነ፣ የተኛበትና የነቃበት ሰዓት በወረቀት ላይ ቢሰፍር እናት ማታ ስትመለስ መገመት አይኖርባትም።

ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የነቃ የስድስት ወር ሕፃን ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4፣ ከዚያም ከ6 ሰዓት ከሩብ እስከ 8 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ድረስ ይተኛል፤ ከ10 ሰዓት ከሩብ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ካሸለበ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ለሌሊቱ ይደርሳል። ይህን የሚያፋልሰው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ነው። አመሻሽ ላይ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንመለስ ልጄ ሐረጎ ዳገት ላይ ትተኛና ደሴ ስንገባ ትነቃለች፤ ያቺ ሃያ ደቂቃ የማታ እንቅልፏን ታዘገየው ነበር። መፍትሔው ጉዞውን ከእንቅልፏ ሰዓት ጋር ማገጣጠም፣ ካልሆነም የማታውን በግማሽ ሰዓት መግፋት ሆነ።

የሚተኛበትን ቦታ በተመለከተ ደሴ ብርዷ ያሳስታል። ሕፃን ቀንም ሌሊትም በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ልቅ ብርድ ልብስ መተኛት አለበት፤ ጋቢ ከማልበስ ልብሱን መደራረብ ይሻላል። መሞቁ የሚታወቀው እጁን ሳይሆን ደረቱን ወይም ማጅራቱን በመዳሰስ ነው፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች እዚያ ልብሱን መቀነስ ይገባል። አጥብቄ የምለምነው ግን ሕፃን የተኛበትን ክፍል ዘግቶ በከሰል ማሞቅ እንዲቀር ነው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ መልቀቁን አያቆምም። ቡናውም ከእነ ምድጃው ሌላ ክፍል ይፈላ። በአንቀልባ ታዝሎ የሚተኛ ልጅ ፊቱ እንዳይሸፈንና አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይጣበቅ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቀን እንቅልፍ ከ7 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይቀራል። ከሁለት ወደ አንድ መውረዱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ ልጆች ለዚህ የሚደርሱት ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ዓመት ሊሞላው ሲል ለጥቂት ቀናት አልተኛም ማለቱ መድረሱን አያሳይም፤ እምቢታው ሁለት ሳምንት ያህል ከዘለቀ ግን የጠዋቱን እንቅልፍ በየጥቂት ቀኑ 15 ደቂቃ እየገፉ ከምሳ በኋላ ማድረስ ይቻላል። በሽግግሩ ወቅት ማታ ቀደም ብሎ ማስተኛት ይገባል።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜ ሊወለድ ከታሰበበት ቀን ጀምሮ ይሰላል። ሕፃኑ ለመጥባት እንኳ መንቃት ካቃተው፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ጉዳዩ የእንቅልፍ አይደለምና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው የቀን እንቅልፍ በብዙ ልጆች ዘንድ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀራል። ከምሳ በኋላ አልተኛም ያለን የአራት ዓመት ልጅ ማስገደድ አይገባም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ጋደም ብሎ በጸጥታ ቢጫወት ይበቃዋል፤ ባልተኛበት ቀን ደግሞ ማታ ከወትሮው አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይተኛ።